የዕፅዋት ኤክስትራክት እንስሳትን ከከባድ ብረት መመረዝ ይጠብቃል ሲባል ምን ማለት ነው?

እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ድኝ ያለባቸውን ሞለኪውሎች ይዘው አይለቁም። ከእነዚህ አንዱ ግሉታታዮን ነው፤ ሴል ፍሪ ራዲካልን (ሴልን የሚያጠቁ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎችን) የሚመክትበት ዋና መሣሪያ። እሱ ሲመናመን የሴሉ ሽፋን ስብ ኦክሳይድ መሆን ይጀምራል፣ ጉበትና ኩላሊትም ይጎዳሉ።

ኤክስትራክት፣ ማለትም ከተክል በፈሳሽ ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገር፣ በዚህ መሃል የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ብረቱን ይዞ ማስወጣት ወይም ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ማገድ፤ ሁለተኛው ብረቱ ባለበት እያለ የሚያስነሳውን ጉዳት ማብረድ። እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና የሽፈራው ቅጠል በአይጦች ላይ ሲሞከሩ ጎልቶ የሚታየው ሁለተኛው ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የስብ ኦክሳይድ መሆንን የሚያሳየው ማሎንዳይአልዴሃይድ ቀንሶ፣ ኩላሊት ውስጥ ያለው ካድሚየም ግን እንደነበረ ከሆነ፣ ኤክስትራክቱ ብረቱን አላስወጣም። ሁለቱን ሳይለኩ «መርዝ ያጥባል» ማለት ያልታየን ነገር መናገር ነው።

የሙከራው አሠራር በተለምዶ እንዲህ ነው። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 70 በመቶ ኢታኖል ውስጥ አልፎ አልፎ እየተነቀነቀ 72 ሰዓት ይቆያል። ከተጣራ በኋላ አልኮሉ በቫኪዩም በ40 ዲግሪ ገደማ ይተናል። መጠኑ በኪሎ ክብደት 200 ሚሊግራም ከሆነ፣ 200 ግራም የምትመዝን አይጥ 40 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ተበጥብጦ 2 ሚሊሊትር በቱቦ ወደ ጨጓራዋ ይገባል። ምድቦቹ ቢያንስ አራት ናቸው፦ ምንም ያልተሰጠው፣ ብረት ብቻ፣ ኤክስትራክት ብቻ፣ ሁለቱም። ሦስተኛው ከቀረ የተክሉ የራሱ መርዝነት ተደብቆ ይቀራል።

ውጤት የሚያበላሸው ብዙ ነው። ብረቱና ኤክስትራክቱ በአንድ ሰዓት በአፍ ከተሰጡ አንጀት ውስጥ ይያያዛሉ፤ ብረቱ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣና ኤክስትራክቱ ጉበትን የጠበቀ ይመስላል። እርሳስ በመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ደግሞ ውኃው ያልጣማቸው አይጦች ትንሽ ይጠጣሉ፣ የገባው እርሳስም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ በየቀኑ ይለካል። ተክሉ ራሱ ካድሚየም ካለበት አፈር በቅሎ ሊሆን ስለሚችል ኤክስትራክቱም አስቀድሞ ይመረመራል።

የአይጥ መጠን ወደ ሰው ሲዛወር በ6.2 ይካፈላል፦ በኪሎ 200 ሚሊግራሙ ወደ 32 ይወርዳል፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.9 ግራም ኤክስትራክት ማለት ነው። ከደረቅ ቅጠል የሚወጣው 10 በመቶ ቢሆን በየቀኑ 19 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። አንድ ሲኒ የተፈላ ቅጠል እዚያ አይደርስም።

የተጣለ ባትሪ ልሳ በእርሳስ የተመረዘች ላም ከሆነች ደግሞ ቅጠል እየፈለጉ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። መጀመሪያ ከምንጩ ትለያለች፤ ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ካልሲየም ኢዲቲኤ (እርሳስን ይዞ የሚያስወጣ መድኃኒት) ከቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ጋር ይሰጣታል።