ማግኒቲዝዳት ምንድን ነው?

ሰውየው ገጣሚ ነበር። አገሩ ሶቪየት ኅብረት ግን በሕይወት ሳለ አንድም የግጥም መጽሐፍ አላተመችለትም። ሆኖም ከሌኒንግራድ እስከ ቭላዲቮስቶክ ድምፁን የማያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ስሙ ቭላዲሚር ቪሶትስኪ ይባላል። ይኼ እንዴት ሊሆን ቻለ ካላችሁ መልሱ ማግኒቲዝዳት ነው።

ሩሲያውያን ቴፕ ሪከርደርን «ማግኒቶፎን» ይሉታል። «ኢዝዳት» ደግሞ አሳታሚ ከሚለው ቃላቸው የተቆረጠ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «በቴፕ ማሳተም» እንደማለት ነው። ቃሉ የተሠራው «ሳሚዝዳት» በሚለው አምሳያ ነው። ሳሚዝዳት የተከለከለ ጽሑፍን በታይፕ፣ ካርቦን እየደራረቡ አባዝቶ በእጅ ማዳረስ ነበር።

ከዚያም በፊት በጣም የሚገርም ነገር ነበራቸው። በ1950ዎቹ ወጣቶች ከሆስፒታል የተጣለ የራጅ ፊልም እየሰበሰቡ በመቀስ ክብ አድርገው ይቆርጡ ነበር። መሐሉን በሲጋራ እሳት ይበሱታል። ከዚያ ዘፈን ይቀርጹበታል። ብርሃን ላይ ስታነሱት የማታውቁት ሰው የጎድን አጥንት ይታያል፤ መርፌ ስታሳርፉበት ጃዝ ይጫወታል። «የአጥንት ሙዚቃ» ይሉት ነበር።

በ1960ዎቹ ቴፕ በየቤቱ ሲገባ ራጁ ቀረ። መንግሥት ማተሚያ ቤቱንና የማባዣ መሣሪያውን ጠፍንጎ ይዟል። ቴፕን ግን ራሱ እያመረተ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። መቼስ ይኼን ያሰበ ባለሥልጣን አልነበረም መሰለኝ። ሁለት ቴፕ በሽቦ ማገናኘት ነው እንግዲህ። አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የአንድ ሰዓት ዘፈን ለመቅዳት አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት ነው። ቅጂው ከቅጂ ሲቀዳ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፤ እንደ ዝናብ የሚንሿሿው ነገር ይበዛል። ሳል ይሰማል፣ ሳቅ ይሰማል፣ ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል። ግጥማቸውን በጊታር የሚዘፍኑት ቡላት ኦኩድዣቫና አሌክሳንደር ጋሊችም በዚሁ መንገድ ተሰምተዋል። የማንም የቴፕ ክር ግን የቪሶትስኪን ያህል አልተባዛም።

ቪሶትስኪ በ1938 ሞስኮ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አባቱ የጦር መኮንን ነበሩ። በልጅነቱ ሁለት ዓመት ያህል ከአባቱ ጋር ጀርመን ኖሯል። የሲቪል ምሕንድስና ትምህርት ጀምሮ ወዲያው ተወውና የሞስኮ አርት ቲያትር ትምህርት ቤት ገባ። በ1964 ዩሪ ሊዩቢሞቭ የሚመራው ታጋንካ ቲያትር ቀጠረው። እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልወጣም።

እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀውን ሐምሌትን ከ1971 ጀምሮ የተጫወተው እሱ ነው። ተመልካቹ ወንበር ሲፈልግ ሐምሌት መድረኩ ጥግ፣ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ጊታር ይነካካል። ልብሱ ጥቁር ሹራብ ነው። ከሱፍ የተሠራው ግዙፍ መጋረጃ መድረኩን እየጠረገ ይዞራል፣ ሰዎቹን ከፊቱ እየነዳ። ቪሶትስኪ ተነስቶ የሚያዜመው የመጀመሪያው ግጥም የደራሲው የቦሪስ ፓስተርናክ ነው። ግጥሙ የወጣው አገሩ ውስጥ እንዳይታተም ከተከለከለው ልቦለዱ ከ«ዶክተር ዢቫጎ» ነው። በወረቀት የማይታተመው በድምፅ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይኼን ነው።

ድምፁ ጎርናና፣ ሻካራ ነበር። በተበላሸ ክር ላይ እንኳ አይጠፋም። የሚዘፍነው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። አንድ ቀን ወታደር ነው፣ ሌላ ቀን እስረኛ፣ ሌላ ቀን ተራራ ወጪ ወይም ሰካራም። ተዋናይ ነዋ! ብዙ የጦር ዘማቾች አብሮን የተዋጋ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ታስሮ የወጣ የመሰላቸውም ጥቂት አይደሉም።

ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው የ1968ቱን «የተኩላ አደን» ማስረዳት ቀላል ነው። አዳኞች ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ገመድ በጫካው ዙሪያ ይዘረጋሉ። ተኩላ ጨርቁን ስለሚፈራ አያልፈውም፤ እዚያው ተከብቦ ይገደላል። በዘፈኑ ውስጥ አንዱ ተኩላ ግን ጨርቁን ዘሎ ያመልጣል። ሰሙ ይኼ ነው። ወርቁን የሶቪየት ሰው ለማግኘት አልተቸገረም።

መንግሥት አላሰረውም፣ አላወቀውምም። አይቶ እንዳላየ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። የመንግሥቱ ሸክላ አሳታሚ ሜሎዲያ ጥቂት ዘፈን የያዙ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣለት። ፊልም ላይም ይሠራል፣ ዘፈኑ ግን ይቆረጣል። ለእኛ ቀረብ የሚለው የ1976ቱ ፊልም ነው። ቪሶትስኪ ፊቱን አጥቁሮ የፑሽኪንን ቅድመ አያት፣ ኢብራሂም ሐኒባልን ሆኖ ተጫውቷል። አዎ፣ የኛ ነው የምንለውን ሐኒባልን (ካሜሩንም የኔ ነው ትላለች፣ ክርክሩ አላለቀም)። ለፊልሙ የጻፋቸው ሁለት ዘፈኖች አልገቡም። ቴፕ ግን ተቀበላቸው።

ጁላይ 25 ቀን 1980፣ ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ እያለች፣ በ42 ዓመቱ ሞተ። መጠጡም ሞርፊኑም አድክመውት ነበር። ጋዜጣ ላይ ከጥቂት መስመር በላይ አልወጣም። ታጋንካ አደባባይ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። በዚያው ሰሞን ሐምሌትን ሊጫወት ትኬት ተሽጦ ነበር። ትኬቱን መልሶ ገንዘቡን የወሰደ ሰው የለም ይባላል።

የመጀመሪያ መጽሐፉ «ኔርቭ» በ1981 ታተመ። ከዚያ በኋላ ሥራዎቹን የሰበሰቡ ሰዎች አንድ ችግር ገጠማቸው። አንዱን ዘፈን ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ አድርጎ ይዘፍነው ነበር። የትኛው ነው ትክክለኛው? ለማወቅ ቴፕ ከፍተው፣ ክሩን ወደ ኋላ እየመለሱ፣ እርሳስ ይዘው ማዳመጥ ነበረባቸው።