«በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም»፦ ከጎጃም ማሳ እስከ አገር ድንበር

ጎጃም ውስጥ ወሰን ተገፋብኝ የሚል ሰው አቤቱታውን ይህችን ሳይል አይጨርስም፦ «በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም!» አንዳንዱ «በሚስትና በርስት» ይላታል። ብዙ ሰው የሚሰማት እንደ ዛቻ ነው። «ነካ አድርገኝና ታያለህ» እንደማለት። እርግጥ ለዛቻም ትውላለች፤ በወሰን ጠብ የፈሰሰው ደምም ቀላል አይደለም። ለእኔ ግን ዋናው ፍቺዋ ሌላ ነው። ቀልድ የማይወድ ነገር በደንብ መያዝ አለበት። ምልክት ይተከልበታል፣ ምስክር ይቆምበታል፣ ዳኛ ከፈረደ በኋላም አይነካም።

ሚስትና መሬት በአንድ አረፍተ ነገር ምን አገናኛቸው? መልሱ ያለው የድሮው የርስት ሥርዓት ውስጥ ነው። የጎጃም ገበሬ መሬት የሚጠይቀው ከዋናው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ቅድመ አያት፣ መወለዱን ቆጥሮ ነበር። የሚቆጠረው ደግሞ በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ነበር። ሴት ልጅ ርስት ትወርሳለች፤ ስታገባ ባልየው የእሷንም ድርሻ ያርሳል። ልጆቻቸው በሁለቱም በኩል ይካፈላሉ። ስለዚህ ትዳር ሲናጋ መሬቱም ይናጋል። የልጅ ትውልድ ካጠራጠረ ርስቱም ያጠራጥራል። አባባሏ ሴትን እንደ ንብረት የቆጠረች የምትመስለው ሰው አለ፤ ቅሬታው ይገባኛል። ግን ሚስት ራሷ ባለርስት እንደነበረች መርሳት የለብንም። ዛሬም አማራ ክልል ውስጥ በሚሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ።

ያው ደብተር አዋሳኞችንም ይጽፋል። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። መሬትህ የት እንደሚያልቅ የሚነግርህ የጎረቤትህ ስም ነው።

ማሳው ላይ ወርደን እንየው። በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚቀር ቀጭን የሣር መስመር አለ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ድንጋይ ተተክሏል። ወሰን የሚገፋ ሰው ድንጋዩን አይነቅልም። ያ ቶሎ ይታወቅበታል። በሬዎቹን ሲያዞር ማረሻውን ጠጋ አድርጎ አንድ ፈር ይጨምራል። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ፈር። ሣሩ እየሳሳ ይሄድና አንድ ክረምት ላይ የለም። ያኔ ጎረቤት «ኧረ ተው አንተ ሰው» ይላል፤ ያኛው ደግሞ «አባቴም እዚህ ድረስ ነው ያረሰው» ይላል። ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ድንጋዩ ሲተከል ማን ነበር?» ብሎ ነው። ሁለቱም ወገን ያልቆመበት ድንጋይ እንደ ወሰን አይቆጠርም። ኦሪት ዘዳግም 27 ላይ የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋ ርጉም እንደሆነ ተጽፏልና ነገሩ የነፍስ ጉዳይም ነው።

መንግሥታትም ይህን ሲዘነጉ ዋጋ ከፍለዋል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ ሲያምጽ ዋናው ፍርሃቱ መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ላጣ ነው የሚል ነበር። መንግሥት ጦር አዘመተ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አንሥቶ ውዝፉን ግብር ማረ። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ መሬት የተወሰደበት ሰው ደግሞ ቅሬታው እስከ ዛሬ አልወጣለትም።

አሁን ወደ አገር ድንበር። የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን የተጻፈው በ1894 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል። በዚያው ውል ውስጥ የእኛው አባይም አለ፤ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቶበታል። ያኔ መተከል የጎጃም ስለነበር ጎጃምም የሱዳን ጎረቤት ነበረች። ከዚያ ድንበሩን መሬት ላይ ያመለከተው እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ነው፤ የኢትዮጵያ ተወካይ ሳይቆም። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው የኢትዮጵያ ቅሬታ አንዱ ይህ ነው። ማንም የጎጃም ሽማግሌ ወዲያው ይገባዋል። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ተስማሙ፤ ሥራው ግን መሬት ላይ አላለቀም። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በድንበሩ ላይ ወዳለው የእርሻ መሬት፣ ወደ አልፋሻጋ፣ ገባ፤ ያጨዱትን ሳይሰበስቡ የተፈናቀሉት ገበሬዎች ናቸው።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር ላይ ያለችው ባድሜም እንዲሁ። በ1894ቱ ሌላ ውል ድንበሩ ማይቴብ በሚባል ወንዝ ያልፋል ተባለ። ወንዙ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ መቶ ዓመት ቆየ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፣ በአስር ሺዎች አለቁ። ጦርነቱን የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት ያቋቋመው የድንበር ኮሚሽን በ1994 ዓ.ም. ወሰነ፤ ባድሜም ወደ ኤርትራ ሆነች። ኢትዮጵያ ሳትቀበለው ዓመታት አለፉ። ኮሚሽኑ በ2000 ዓ.ም. ነጥቦቹን በካርታ ላይ ብቻ አስፍሮ ሥራውን ዘጋ። ዳኛ ተሰይሞ ፍርዱ ሲጓተት ማየት ያሳዝናል። ዳኛ ከጠሩ በኋላ ፍርድን ማንጠልጠል፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ አባባሏ የምትከለክለው ቀልድ ነው እላለሁ።

ባሕር ላይስ? እዚያ ድንጋይ አይተከልም። የባሕር ሕግ ከጠረፍ 12 የባሕር ማይል ለባለጠረፉ አገር ይሰጣል፤ እስከ 200 ማይል ደግሞ የኢኮኖሚ መብት። የሁለት ጎረቤቶች ሲደራረብ ነው ጠቡ። ኬንያ መስመሩ በኬክሮስ ልክ ቀጥ ብሎ ይውጣ አለች፤ ሶማሊያ ከሁለቱም ጠረፍ እኩል ይራቅ አለች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2014 ዓ.ም. መስመሩን ወደ ሶማሊያው ሐሳብ አስጠግቶ አሰመረ። ኬንያ አልቀበልም አለች።

ኤርትራና የመን ግን ሌላ መንገድ ሄዱ። በ1988 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ባሉት በሐኒሽ ደሴቶች ተታኮሱ፤ ከዚያ ግልግል ዳኞች ፊት ቀረቡ። በ1991 ዓ.ም. ትልልቆቹ ደሴቶች ለየመን፣ ከትንንሾቹ የተወሰኑት ለኤርትራ ተፈረዱ። ዳኞቹ አንድ ነገር ጨመሩ፦ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች እንደ ድሮው በአካባቢው ማጥመድ ይቀጥላሉ። ሁለቱም መንግሥታት ፍርዱን ተቀበሉ። የእኛም ሽማግሌዎች ማሳ ከለዩ በኋላ የከብት ውሃ መውረጃውን ለሁለቱም ይተዋሉ።

የሱዳኑ ድንበር ጉዳይ በኮሚቴ ስብሰባ ሲታይ ቆይቷል። ስብሰባው መልካም ነው። ግን ከካርታው ጋር የጠረፉ አዛውንቶች ከሁለቱም ወገን ይጠሩ። የቱ ጅረት በየትኛው ስም ይጠራ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ድንጋዩ ሲተከልም ሊቆሙ ይገባል።