የጎማ ባላንስ ምንድን ነው? ደንገጎ ይደብቀዋል፣ ሜዳው ያወጣዋል

ባለፈው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና ቆሞ አየሁ። ሞተርሆም የሚሉት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ፈረንጆች ናቸው። ከጂቡቲ በደወሌ ገብተው ወደ ሐረር ሊወጡ ነው። ሰውየው አንድ ነገር ግራ ገብቶታል። በደወሌው ሜዳ 90 ሲነዳ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ ደግሞ ሰሃኑና ብርጭቆው ቁም ሳጥን ውስጥ ይንጫጫል። ወደ 50 ሲያወርደው ጸጥ።

አብሮኝ የነበረው ጎሚስታ ወዳጄ ሰምቶ ሳይጨርስ «አቦ፣ ባላንስ ነዋ!» አለ።

ባላንስ ማለት ጎማና ቸርኬው አንድ ላይ ሲዞሩ ክብደታቸው ዙሪያውን እኩል መሆኑ ነው። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ጎማ እንኳ ፍጹም እኩል አይደለም። አንድ ጋ ላስቲኩ ትንሽ ይወፍራል። ቸርኬውም እንደዚያው። ተደማምሮ አንድ ቦታ ከበድ ይላል። ቆሞ ሲታይ ምንም የለውም፤ ጉዱ የሚወጣው ሲዞር ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ቁመቱ አንድ ሜትር የሚሆን የአውቶቡስ ጎማ በ90 ሲሄድ በሴኮንድ 8 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጠርዙ ላይ 100 ግራም ትርፍ ካለ፣ ያቺ 100 ግራም ከ12 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደ ውጭ ትጎትታለች። በየዙሩ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። በ30 ስትሄድ ግን ጉልበቷ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናላ።

የእኛ ሰው ስለ ባላንስ ብዙ የማይጨነቀው ለዚህ ይመስለኛል። ደንገጎን፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት፣ ስትወጣ በስንት ትነዳለህ? ጥምዝምዙ አያልቅም፣ ከፊትህ ጭነት የከበደው አይሱዙ እያቃሰተ ነው። 30 ከሄድክ ጎበዝ ነህ። «ትልቅ መኪና ባላንስ አይፈልግም» የሚለው ወሬም ከዚሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሜዳ ላይ ግን ይፈልጋል፤ በተለይ የፊቱ።

መዛነፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክቡ ላይ አንድ ቦታ ሲከብድ ነው፤ ጎማው ይዘላል። ሁለተኛው ከውስጥና ከውጭ ጎኑ አንዱ ሲከብድ ነው፤ ያኔ ግራና ቀኝ ይወላወላል። የአውቶቡስ ጎማ ወርዱ 30 ሳንቲሜትር ስለሚጠጋ ሁለተኛው ችላ አይባልም። መሪው ከተንቀጠቀጠ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነው። ወንበርና ወለል ከሆነ ከኋላ ፈልግ። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብህ ከሆነ ግን ያ አላይመንት ነው፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ። ሌላ ሥራ፣ ሌላ ሒሳብ።

ባላንስ ሲሠራ መጀመሪያ ጎማው ይፈታል። ከነቸርኬው 100 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ማውረዱ ራሱ ስፖርት ነው። ማሽኑ ላይ ተሰቅሎ ይሽከረከርና የቱ ጋ ስንት ግራም እንደጎደለ ይነግርሃል። እዚያ ቦታ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንሽ ብረት በመዶሻ መታ መታ ተደርጋ ትነከሳለች። በቃ።

ወዳጄ ግን ወደ ማሽኑ አልቸኮለም። የፊት ግራውን ቸርኬ ከውስጥ በኩል በካቻቢቴ ይፈቀፍቅ ጀመር። መዳፍ የሚሞላ ጭቃ፣ እንደ ሸክላ የደረቀ፣ ተገንጥሎ ወደቀ። «ይኸውልህ የሚዘለው» አለኝ። ቸርኬው ሳይጸዳ ባላንስ ብታሠራ ጭቃውን ነው ያመጣጠንከው። ነገ ረግፎ ሲወድቅ ደግሞ በተቃራኒው ይዛነፋል።

ሰውየው ስለ ዶቃው ጠየቀ። ትላልቅ መኪና ያላቸው ፈረንጆች ይወዱታል፦ ትናንሽ የብርጭቆ ዶቃዎች፣ ለአንድ ጎማ 300 ግራም ገደማ፣ ጎማው ውስጥ ይጨመራሉ። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ራሳቸው ወደ ቀለለው ጎን ይሄዳሉ። ስትቆም እንደ አሸዋ ሸር ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ። ጥሩነቱ ጎማው ባለቀ ቁጥር ራሳቸውን ማስተካከላቸው ነው። ችግሩ ጎማው ውስጥ እርጥበት ካለ ይጣበቃሉ፣ ቫልቩንም ሊደፍኑ ይችላሉ። እኔ ብረቷን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ በዓይኔ አያታለሁ።

ሞተርሆም ሌላም አመል አለው። ወራት ቆሞ ይከርማል። ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ሲቆም ጎማው ከታች ጠፍጠፍ ይላል፤ ስትነሳ ልክ እንደ ባላንስ ችግር ይንቀጠቀጣል። ጎማው ሲሞቅ ከጠፋ እሱ ነበር። ካልጠፋ የተጣመመ ቸርኬ፣ ያለቀ ኩሽኔታ ወይም የላላ ቴስቲና (የመሪው መጋጠሚያ) ሊኖር ይችላል። ያንን ምንም ያህል ብረት ብትነክስበት አይድንም። ዕድሜውንም እይ፦ ጎኑ ላይ 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጅ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ የሚያረጅበት መኪና ነው፣ በተለይ በድሬ ፀሐይ።

ከሰዓት ሁሉም አለቀ። ወዳጄ ዳዶዎቹን አጥብቆ ሲጨርስ አንድ ነገር እንዳስተረጉምለት ነገረኝ፦ የተፈታ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደሄደ ዳዶው ደግሞ ይጠበቃል። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ልክ ነው።

«የት ላይ ልቁም?» አለ ሰውየው።

«ጁገል ግንብ ውስጥ፣ አሮጌው ከተማ ብቻ እንዳይገባ» አለ ወዳጄ፣ መኪናውን ከላይ እስከ ታች እያየ። «ከገባ አቦ፣ በክሪክም አናወጣውም።»