በኦንላይን ጌም ውስጥ የመንደር ዜግነት ምንድን ነው?

ዉርም ኦንላይን የሚባል ጌም አለ። ሮልፍ ያንሰን እና ማርከስ ፐርሰን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በይፋ ተከፈተ። ፐርሰን በኋላ ማይንክራፍት የተባለውን ጌም የሠራው ሰው ነው። በዉርም ውስጥ ቤቱን፣ አጥሩን፣ መንገዱን፣ የማዕድን ዋሻውን የሚሠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ኮረብታ ሳይቀር በአካፋ ተቆርሶ ሜዳ ይሆናል።

ሥራው ግን ጊዜ ይበላል። አንዲት ጎጆ ለማቆም ዛፍ መጣል፣ ሳንቃ መሰንጠቅ፣ ሚስማር መቀጥቀጥ አለ። አንዱ አንጥረኛ ሲሆን ሌላው አናጺ፣ ሌላው ገበሬ ካልሆነ ነገሩ አይገፋም። ስለዚህ ብቻውን የጀመረ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ መንደር ይጠጋል። ከዚያ የዜግነት ግብዣ ይመጣለታል። እሺ ሲል ምን አገኘ? ምንስ ቃል ገባ?

መጀመሪያ መንደሩ ራሱ እንዴት እንደሚቆም እንይ። አንድ ተጫዋች የመሬት ሰነድ ይገዛል። ተጫዋቾቹ «ዲድ» ነው የሚሉት። መሬቱን ይከልላል፣ ውስጡ ቶክን የሚባል ምልክት ይቆማል፣ ሰነዱን የያዘው ሰው ከንቲባ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ አለ። የጌሙ መሬት በእኩል ካሬ የተከፋፈለ ነው፤ የአንዱ ካሬ ጎን 4 ሜትር ነው። ፍሪደም በሚባሉት ደሴቶች ላይ ለአንድ ካሬ በወር 20 የብረት ሳንቲም ይከፈላል። 100 የብረት ሳንቲም 1 የመዳብ ሳንቲም ነው፤ 100 የመዳብ ደግሞ 1 የብር ሳንቲም። እንግዲህ 51 በ51 የሆነ መንደር 2,601 ካሬ አለው። የወሩ ሂሳብ 52,020 የብረት ሳንቲም፣ ማለትም ከ5 የብር ሳንቲም ትንሽ ከፍ ያለ ይመጣል። ዘበኛ ከተቀጠረ ለብቻው ይታሰባል። የብር ሳንቲም ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ብዙ ከንቲባ መንደሩን የሚያቆየው ከራሱ ኪስ እያወጣ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የዜግነቱ ጠባይ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዜጋ መሆን በራሱ ቀላል ነው። ከንቲባው፣ ወይም የመጋበዝ ፈቃድ ያለው ዜጋ፣ ይጋብዛል። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ተቀበሉ እንበል። ስምዎ ከመንደሩ መዝገብ ይገባል። የመንደሩ ቻት ይከፈትልዎታል። ትናንት በውጭ ሆነው ያዩት፣ ለዜጎች የተፈቀደው የአጥር በር ዛሬ ለእርስዎም ይከፈታል። አንድ ገጸ ባሕርይ የሚመዘገበው በአንድ መንደር ብቻ ነው። ወደ ሌላ ከሄደ የዚህኛው ዜግነት ይቀራል።

ብዙ አዲስ ሰው ቅር የሚለው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ዜጋ ሆነ ማለት ሁሉ ተፈቀደለት ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ዜጋ አንድ ማዕረግ ይሰጠዋል፤ በማዕረጉ ሥር ረጅም የፈቃድ ዝርዝር አለ። ከንቲባው አንድ በአንድ ምልክት እያደረገ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ዛፍ መቁረጥ አንድ ፈቃድ ነው፤ ያረጁ ዛፎችን መቁረጥ ሌላ። ማረስና ማጨድ፣ መሬት መቆፈር፣ ዋሻ መብሳት፣ ቤት መሥራት፣ ከመሬት ላይ ዕቃ ማንሳት፣ ከብት መሳብ፣ ሰው መጋበዝ፣ ሁሉም ለየብቻ ናቸው። ለምሳሌ አዲስ ገቢው ማጨድ ይፈቀድለትና መቆፈር ይከለከል ይሆናል። ይህ ከክፋት አይደለም። በአካፋ የተስተካከለ ሜዳ በአንድ ምሽት ሊበላሽ ይችላል፤ ለማስተካከል ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። ቤቶች ደግሞ የየራሳቸው ፈቃድ ስላላቸው የመንደሩ ዜጋ ስለሆኑ ብቻ ሰው ቤት ዘው ብለው አይገቡም። ለወዳጅ መንደሮች ሰዎችም፣ ለማንኛውም አላፊ አግዳሚም ከንቲባው ለየብቻ ልክ ያበጅላቸዋል።

እንግዲህ በዉርም ዜጋው ከባለቤት ይልቅ ለተከራይ ይቀርባል። ሰነዱ የከንቲባው ነው፣ ክፍያውም በአብዛኛው የእሱ። ማዕረግ የሚሰጠውም የሚነሳውም እሱ ነው። ደግ ከንቲባ ከገጠመዎት ዓመት ሙሉ ይህ ትዝም አይልዎትም። ከተጣላችሁ ግን ያን ቀን ይገባዎታል።

ነገሩ የግድ እንዲህ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተውና በ2011 ዲሴምበር 15 ቀን የተዘጋው ስታር ዋርስ ጋላክሲስ የተባለ የኦንላይን ጌም ሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። እዚያ ተጫዋቾች የራሳቸውን ከተማ ይመሠርቱ ነበር። ከንቲባው የከተማ አዳራሽ ያቆማል። ዜጋ ለመሆን በከተማው ክልል ውስጥ ቤት መትከልና «መኖሪያዬ ይህ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። መኖሪያ አንድ ብቻ ነው። ወሳኙ ነገር የከተማው ደረጃ በዜጎቹ ቁጥር መወሰኑ ነው። አምስት ደረጃዎች ነበሩ። በመጀመሪያው የከተማው ክልል ከአዳራሹ ዙሪያ 150 ሜትር ነው፤ በአምስተኛው 450 ሜትር ይደርሳል። ከተማው ሲያድግ የመንኮራኩር ማረፊያ ይፈቀድለታል፤ ማረፊያ ያለው ከተማ ደግሞ እንግዳና ገበያ ይስባል። ሰው ከለቀቀ ደረጃው ይወርዳል፣ የተፈቀደውም ይቀራል። በዚያ ላይ ከንቲባ የሚመረጠው በየሦስት ሳምንቱ በዜጎች ድምፅ ነበር።

አሁን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። በጋላክሲስም ከንቲባው ብዙ ሥልጣን ነበረው፤ ግብር ይጥላል፣ ቤት የሚተከልበትን ቦታ ይፈቅዳል፣ ከዜጎች መካከል ሚሊሻ ይሾማል። ግን ያለ ዜጋ ከተማ የለውም። አሥር ሰው ተቆጥቶ መኖሪያውን ወደ ጎረቤት ከተማ ቢያዛውር ማረፊያው ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ይለማመጣል፣ ያማክራል። በዉርም ግን አሥር ዜጋ ጥሎት ቢሄድ ወርሃዊው ክፍያ እስካለ ድረስ መንደሩ ይቆማል። የዜጋ አቅም የሚታወቀው ሲሄድ በሚጎድለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ መለኪያ የጋላክሲስ ዜግነት እጅግ የበረታ ነበር።

ችግሩ ቁጥር የሚያስገኘው ጥቅም ሰው ሳይኖር ቁጥር ማምጣትንም ያበረታታል። ደረጃ ለመጠበቅ ሲባል ባለቤቶቻቸው ብቅ የማይሉባቸው ቤቶች በብዛት ይተከሉ ነበር። መዝገቡ ሞልቶ መንገዱ ጭር ያለ ከተማ ማየት ያሳዝናል። የዉርም መንደር አምስት ሰው ብቻ ይኑረው እንጂ አምስቱም አብረው አጥር ሲያጥሩ ታገኛቸዋለህ።

የዉርም ዜጋ ትልቁ ስጋቱ መባረር አይመስለኝም። የከንቲባው ዝም ብሎ መጥፋት ነው። የመንደሩ ካዝና ሲያልቅ መንደሩ ይፈርሳል፤ ዜግነቱም አብሮ ይቀራል። አጥሩና ቤቱ እዚያው ይቆያሉ፣ ግን ከለላቸው ይነሳል፤ እየቆዩ ይበሰብሳሉ። ዘበኛ የለም፣ የሚከለክል የለም። ዓመት የለፉበት ማሳ የማንም ይሆናል።

ስለዚህ ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት ከንቲባውን ፊት ለፊት ይጠይቁ። የሚሰጡኝ ማዕረግ ምን ምን ይፈቅዳል? በስሜ ቤት መሥራት እችላለሁ? ካዝናው ስንት ወር ያስኬዳል? ዜጋ ካዝናው ላይ ሳንቲም መጨመር ስለሚችል ከወዲሁ የማዋጣት ልማድ ያለበትን መንደር ብመርጥ ደስ ይለኛል። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ «አንድ ቀን ጌሙን ቢተዉት ሰነዱ ለማን ይሄዳል?» የሚለው ነው። ሰነዱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የተቀበለው ሰው ከንቲባ ይሆናል። ግን ከንቲባው ራሱ ገብቶ ማስረከብ አለበት፤ ስለዚህ ተረካቢው ከአሁኑ በስም ይታወቅ።