ዛፍ ሲጣል ማጠፊያ ምንድን ነው?

«ዛፉ መንቋቋት ሲጀምር ፈጠን ብለህ ጨርሰው፤ ማጠፊያዋን ካልበጠስካት ትይዝሃለች።» ይህን ምክር ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ አጣና ከሚያወርዱ ልጆች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጠቤ ከልጆቹ ጋር አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ካስተማራቸው ሰው ጋር ነው።

ማጠፊያ ማለት ከፊት በተከፈተው አፍ (ዛፉ በሚወድቅበት በኩል ተቆርጦ በሚወጣው የሽብልቅ ቅርጽ ክፍተት) እና ከኋላ በሚገባው የሞተር መጋዝ መካከል ሆን ተብሎ ሳይቆረጥ የሚተው እንጨት ነው። ውፍረቱ የግንዱን አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናል፤ ለ40 ሳንቲ ሜትር ግንድ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከጎን እስከ ጎን እኩል መሆን አለበት። አፉ እንዴት እንደሚከፈት መጋዝ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ልለፈው።

ማጠፊያውን አላለቀም ብለው የሚጨርሱት ትርፍ እንጨት አድርገው የሚያዩ ሰዎች ግን ያናድዱኛል። በር አስቡ። በር የሚዞረው ማጠፊያው በፈቀደለት በኩል ብቻ ነው። ማጠፊያውን ነቅለህ ብትገፋው ወደ ከበደው ይወድቃል፤ ምናልባትም እግርህ ላይ። የላይኛው ብሎን ከላላ በሩ እንደሚጣመም፣ ማጠፊያውም በአንድ ጎን ከሳሳ ዛፉ ወደ ወፈረው ጎን ይጎተታል። አፉ ሲዘጋ ደግሞ በሩ መቃኑን ነካ ማለት ነው፤ ማጠፊያው ያን ጊዜ ይበጠሳል። ጠባብ አፍ የከፈተ ሰው ዛፉ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ መሪ ያሳጣዋል፤ 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ክፈቱ የምንለው ለዚህ ነው። በር ግን ነገም ይከፈታል፤ ይሄኛው አንዴ ብቻ ነው።

«ገመድ ካለ ማጠፊያ ምን ይሠራል?» ያለኝ ባለሙያ ነኝ ባይም አለ። ወንድሜ፣ ገመድ ይጎትታል እንጂ አይመራም። ማጠፊያ የሌለው ግንድ ከጉቶው ላይ ተንሸራቶ እግሩ ወዴት እንደሚፈናጠር ጎታቹም ቆራጩም አያውቅም። ደግሞ ጎታቾቹን ተመልከቷቸው፤ ገመዱን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ዛፉ በሚመጣበት መስመር ቆመዋል! ሥራ የሌለው ሰው ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ፤ ለ20 ሜትር ባህር ዛፍ 40 ሜትር። ቆርቆሮው ከቆርቆሮ በተያያዘበት፣ የመብራት ሽቦ በላይ በሚያልፍበት ግቢ 40 ሜትር ከየት ይመጣል? አይመጣም። እዚያ ዛፍ በቁሙ አይጣልም፤ ከላይ እየተቆራረጠ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከጉቶ ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ እያንዳንዱ ግንዱ ወደ ውጭ ያዘነብላል። እንዲህ ያዘነበለ ግንድ ከኋላ ሲቆረጥ ማጠፊያው ሳይሠራ ቁመቱን ተሰንጥቆ የኋለኛው ግማሽ ወደ ቆራጩ ፊት ሊመዘዝ ይችላል። መጋዙን ከጎን ወግቶ በማስገባት የሚሠራ ዘዴ አለው፤ ነገር ግን የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ማዕዘን እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ፊትህ ይፈናጠራልና በወሬ የሚማሩት አይደለም። ሁለተኛው ውስጡ የበሰበሰ ግንድ ነው፤ ያረጀ ጽድ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ከመጋዙ የሚወጣው ንጹሕ ፍቅፋቂ ድንገት ጠቆር ያለ ዱቄት ከሆነ፣ ማጠፊያ ያልከው ነገር እንጨት አይደለም። አቁም፣ ባለሙያ ጥራ።

(ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ የምትፈልጉ፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ጋደል አድርጋችሁ፣ ቅርፊቱን ሳትልጡ አስተካክሉት። ዛፉ መሬት ከያዘ በኋላ!)

ታዲያ ሲንቋቋስ? መጋዙን አውጣ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ያዝ፣ አስቀድመህ ባጸዳኸው መንገድ ከዛፉ ኋላ ወደ ጎን ሰያፍ ሂድ። ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ አትሂድ፤ የግንዱ እግር የሚፈናጠረው በዚያ ነው። ዓይንህ ላይ ላይ ይሁን፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ከዛፉ በኋላም ይወርዳል። ካልተንቋቋና አልወድቅም ብሎ ከቆመ ከኋላ ሽብልቅ አስገብተህ ምታ፣ ሁለተኛ ሽብልቅ ጨምር፤ ማጠፊያውን ግን በመጋዝም በምሳርም አትንካ።