ካርል ማሪያ ፎን ቬበር፦ እንጀራው ኦፔራ የነበረ ሰው

ካርል ማሪያ ፎን ቬበር ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ ፒያኖ ተጫዋችና የኦፔራ መሪ ነበር። በ1786 በሰሜን ጀርመን ኦይቲን ከተማ ተወለደ (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1826 ለንደን ውስጥ ሲሞት ገና 39 ዓመቱ ነበር። ስሙን ያስጠራው «ዴር ፍራይሹትዝ» የተባለው ኦፔራ ነው። የዕለት እንጀራው ግን ኦርኬስትራ መምራት፣ ዘፋኞችን ማለማመድና ከቲያትር ቤት አለቆች ጋር መነታረክ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ድርሰቶቹን ያበሰለውም ይኸው ሥራ ነው።

አባቱ ፍራንዝ አንቶን ከከተማ ከተማ የሚዞር የቲያትር ቡድን ነበረው። «ፎን» የሚለውን የመኳንንት ስም ለራሱ የሰጠውም እሱ ነው፤ ማንም አልሾመውም። የወንድሙ ልጅ ኮንስታንዘ የሞዛርት ሚስት ስለነበረች፣ ከቤቱ ሁለተኛ ሞዛርት እንዲወጣ ቋምጦ ነበር። ልጁ ግን ዳሌውን የሚያመው፣ የሚያነክስና ደካማ ነበር። ቤተሰቡ አንድ ቦታ ስለማይረጋ ትምህርቱም እየተቆራረጠ ሄደ። ሆኖም ሳልዝበርግ ላይ ሚካኤል ሃይድን፣ ቪየና ላይ ደግሞ አቤ ፎግለር አስተምረውታል።

በ1804፣ በ17 ዓመቱ፣ ብሬስላው ውስጥ የኦፔራ መሪ ሆነ፤ ከተማዋ ዛሬ የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ ናት። ልጁ ገና ከመግባቱ ኦፔራ ቤቱን አተራመሰው። የኦርኬስትራውን አቀማመጥ ለወጠ፤ የልምምድ ሰዓት ጨመረ፤ ያረጁ ዘፋኞች በጡረታ እንዲሸኙ አደረገ። አባቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሙዚቀኞች ይህን እንዴት እንደተቀበሉት መገመት አይከብድም። በ1806 ደግሞ ለሞት ተቃረበ። አባቱ ለህትመት ሥራ የሚጠቀምበትን አሲድ በወይን ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦት ኖሮ፣ ቬበር ወይን መስሎት ጠጣው። ጓደኛው ሲመጣ ራሱን ስቶ አገኘው። ከሞት ተረፈ፤ ያ ያማረ የዘፈን ድምፁ ግን ሄደ። ተኝቶ ሲያገግም ማሻሻያዎቹ አንድ በአንድ ፈረሱ። እሱም ሥራውን ለቀቀ።

ቀጥሎ ሽቱትጋርት ገብቶ የአንድ መስፍን ጸሐፊ ሆነ። እዚያ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀና በገንዘብ ጉዳይ ተከሶ ታሰረ። በ1810 ከአባቱ ጋር ከግዛቱ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አደብ ገዛ። በ1811 «አቡ ሐሰን» የተባለው አጭር ኦፔራው ሙኒክ ላይ ታየ። በዚያው ዓመት ለክላርኔት ተጫዋቹ ሃይንሪሽ ቤርማን የጻፋቸው ሥራዎች ዛሬም የክላርኔት ተማሪ ሁሉ የሚያልፍባቸው ናቸው።

ከ1813 እስከ 1816 የፕራግን ኦፔራ መራ። ሙዚቀኞቹ እሱ ፊት በቼክኛ ሲንሾካሾኩ ስለሚሰማ ቋንቋውን ተማረ ይባላል። የቤትሆቨንን «ፊዴሊዮ»ም በ1814 ፕራግ ላይ አሳይቷል። በ1817 የድሬስደንን የጀርመን ኦፔራ እንዲመራ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት ዘፋኟን ካሮሊን ብራንትን አገባ። ድሬስደን ውስጥ ግን በቤተ መንግሥት ዘንድ የሚከበረው በፍራንቼስኮ ሞርላኪ የሚመራው የጣሊያን ኦፔራ ነበር። ቬበር በዚህ አልተበገረም። አዲስ ኦፔራ ሲያዘጋጅ ዘፋኞቹ መጀመሪያ ቃሉን እንደ ተውኔት አንብበው እንዲረዱት ያደርግ ነበር። ከዚያ በፒያኖ ይለማመዳሉ፤ መድረክ ላይ የሚወጡት በመጨረሻ ነው። በዘመኑ በብዙ ኦፔራ ቤቶች ኦርኬስትራው የሚመራው ከፒያኖ ወይም ከቫዮሊን ወንበር ሆኖ ነበር። እሱ ግን ፊት ለፊት ቆሞ በበትር መምራትን ካስለመዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው።

«ዴር ፍራይሹትዝ» ሰኔ 18 ቀን 1821 በርሊን ላይ ተከፈተ። ማክስ የተባለው አዳኝ አጋተን ለማግባት የተኩስ ፈተና ማለፍ አለበት፤ እጁ ግን ከድቶታል። ካስፓር የሚባል ባልደረባው ወደ ተኩላ ገደል ይጠራውና በእኩለ ሌሊት ሰባት አስማተኛ ጥይቶች ያቀልጣሉ። ስድስቱ ተኳሹ የፈለገውን ይመታሉ፤ ሰባተኛው የሰይጣን ድርሻ ነው። የገደሉን ትዕይንት የሚያስፈራው ከዘፈኑ ይልቅ ኦርኬስትራው ነው። ቫዮሊኖቹ ዝቅ ብለው ይንቀጠቀጣሉ፤ ክላርኔቱ በዝቅተኛ ድምፁ ያጉረመርማል፤ ከበሮው በቀስታ ይመታል። ሳሚኤል የተባለው ሰይጣን ጭራሽ አይዘፍንም፤ ይናገራል እንጂ። አድማጩ በመጀመሪያው ምሽት መክፈቻውን ሙዚቃ አስደግሟል። ኦፔራው ብዙም ሳይቆይ አውሮፓን አዳረሰ።

በ1823 ቪየና ላይ የታየው «ኦይርያንተ» ግን ያን ያህል አልተሳካለትም። ሙዚቃው ግሩም ሆኖ ሳለ ሄልሚና ፎን ሼዚ የጻፈችው የኦፔራው ቃል የተወሳሰበና ልፍስፍስ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በእሷ ላይ መከመር አይገባም፤ ደጋግሞ ያስቀየራት እሱ ራሱ ነው።

ለንደን በሄደበት ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ጨርሶት ነበር። ብዙ እንደማይቆይ ያውቃል፤ የሄደው ለሚስቱና ለሁለት ልጆቹ ገንዘብ ለመተው ነው። ለኮቨንት ጋርደን ቲያትር ቤት «ኦቤሮን» የተባለውን ኦፔራ ሲያዘጋጅ አስቀድሞ እንግሊዝኛ ተማረ። ሚያዝያ 12 ቀን 1826 ኦፔራው ሲከፈት ራሱ መራው፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። ወደ ቤቱ ሊመለስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰኔ 5 ጠዋት፣ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። በ1844 አስከሬኑ ወደ ድሬስደን ሲመለስ የመቃብር ንግግሩን ያደረገው በዚያው ከተማ የኦፔራ መሪ የነበረው ሪቻርድ ቫግነር ነው። ጀምሮት የተወውን «ዲ ድራይ ፒንቶስ» ደግሞ ጉስታቭ ማህለር አሟልቶ በ1888 ላይፕዚግ ላይ አቀረበው፤ ማህለርም ያኔ የቲያትር ቤቱ ኦርኬስትራ መሪ ነበር።