ዋሽንግተን በወርልድ ሲሪስ፦ የ1924 እና የ2019 ፒቸሮች

ወርልድ ሲሪስ በአሜሪካና በካናዳ የሚካሄደው ዋናው የቤዝቦል ሊግ ዋንጫ የሚለይበት የመጨረሻ ግጥሚያ ነው። የአሜሪካን ሊግና የናሽናል ሊግ አሸናፊዎች ይገናኛሉ፤ ቀድሞ 4 ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ከ1903 ወዲህ ሳይካሄድ የቀረው በ1904 እና በ1994 ብቻ ነው። የዋሽንግተን ቡድኖች እዚህ ደረጃ የደረሱት 4 ጊዜ ሲሆን፣ እነዚህም 1924፣ 1925፣ 1933 እና 2019 ናቸው። ያሸነፉት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው፤ ሁለቱም እስከ 7ኛው ጨዋታ ሄደዋል፣ በሁለቱም ውጤቱን የወሰነው ማን መቼ ይወርውር የሚለው ጥያቄ ነበር። (ዓመተ ምሕረቱም ወሩና ቀኑም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖረው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ነው። የ1924ቱ ጨዋታ የተካሄደበት ግሪፊዝ ስታዲየምም ከዩ ስትሪትና ከ9ኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ብዙም አይርቅም ነበር። ስታዲየሙ በ1965 ፈርሶ ዛሬ በቦታው ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። ሆም ፕሌቱ፣ ማለትም መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ሰሌዳ፣ የነበረበት ስፍራ በሆስፒታሉ ሕንፃ ውስጥ ምልክት ተደርጎለታል።

የፒቸር ሥራ

ፒቸር ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች ነው። የሚቆመው 25.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የአፈር ጉብታ ላይ ሲሆን፣ እግሩ ከሚረግጠው ጎማ እስከ ሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ነው። ጉብታው እስከ 1968 ድረስ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርስ ነበር፤ በዚያ ዓመት ፒቸሮች መቺዎችን እጅግ ስለበለጧቸው ከ1969 ጀምሮ ዝቅ እንዲል ተደረገ። የኳሱ ክብደት ከ142 እስከ 149 ግራም ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መቺው ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ መቺው አይቶ ሳይሆን ገምቶ ነው ዱላውን የሚያነሳው፤ የፒቸሩ ሥራም ግምቱን ማበላሸት ነው።

ለዚህ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ኳስ ያስፈልገዋል። አንደኛው ፈጣኑ ፋስትቦል ነው። ሁለተኛው ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሚታጠፈው ከርቭ ወይም ስላይደር ነው። ሦስተኛው ቼንጅአፕ ሲሆን ክንዱ እንደ ፋስትቦል በፍጥነት እየተወረወረ ኳሱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፤ ምክንያቱም የተያዘው በጣት ጫፍ ሳይሆን ወደ መዳፍ ጠልቆ ነው። መቺው 3 ስትራይክ (የሳተው ወይም በሆም ፕሌቱ ላይ ባለው ክልል ሳይመታው ያለፈ ኳስ) ከሆነበት ይወጣል፤ 4 ጊዜ ከክልሉ ውጪ ከተወረወረለት ደግሞ ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ ከሚረገጡት ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው፣ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ በነፃ ይሄዳል፣ ይህም ዎክ ይባላል። 3 ሰው ሲወጣ የቡድኑ የመምታት ተራ ያልቃል፤ ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ተራ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ ይባላል። 9 ኢኒንግ ሙሉ የሚወረውር ፒቸር 27 ሰው ማስወጣት አለበት።

በዛሬው አሠራር ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር 100 ያህል ኳስ ወርውሮ 4 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያርፋል። ወርልድ ሲሪስ ግን ይህን ሥርዓት ያናጋዋል። ቢበዛ 7 ጨዋታ ብቻ ስለሆነ የተሻለው ፒቸር ተራው ሳይደርስ መጠራቱ አይቀርም። በቂ እረፍት ያላገኘ ፒቸር ፍጥነቱን በጉልበት ሊያመጣው ይችላል፤ ቀድሞ የሚከዳው የማነጣጠር ችሎታው ነው። ዝቅ ብሎ መግባት የነበረበት ከርቭ ከወገብ በላይ ይንሳፈፋል፣ የተንሳፈፈ ከርቭ ደግሞ ሆምራን፣ ማለትም ከሜዳ ውጪ የሚወጣ ምት ነው። ሁለተኛው አደጋ መደጋገም ነው፤ አንድ መቺ ያንኑ ፒቸር በአንድ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥመው አወራወሩን ስለለመደው የመምታት ዕድሉ ከፍ ይላል። አሰልጣኞች ጥሩ የያዘውን ፒቸር በ6ኛው ወይም በ7ኛው ኢኒንግ የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ ደጋፊ የሚያብደውም በዚሁ ነው።

1924

ዋልተር ጆንሰን ዋሽንግተን የገባው በ1907 ነው። በሕይወቱ 417 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ በ110ሩ ተጋጣሚው አንድም ነጥብ አላስቆጠረም፣ ይህን የ110 ጨዋታ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። ያም ሆኖ ወርልድ ሲሪስ የደረሰው በ18ኛ ዓመቱ፣ 36 ዓመት ሆኖት ነው። አሰልጣኙ ባኪ ሃሪስ የ27 ዓመት ወጣት ነበር፤ ራሱም ሁለተኛ ቤዝ ላይ ይጫወት ነበር። ተጋጣሚው በጆን ማግሮው የሚመራው የኒው ዮርክ ጃይንትስ ነው።

በእኩል ውጤት የተራዘመውን የመጀመሪያ ጨዋታ ጆንሰን 12ቱንም ኢኒንግ ወርውሮ፣ 12 ሰው በስትራይክ አስወጥቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። በ5ኛው ጨዋታ ደግሞ 6 ለ 2 ተመታ፤ 4 ጊዜ የመታው ፍሬዲ ሊንድስትሮም የ18 ዓመት ልጅ ነበር። በ6ኛው ጨዋታ ቶም ዛካሪ 2 ለ 1 አሸንፎ ዋሽንግተንን ከመውደቅ አዳናት።

ጥቅምት 10 በተደረገው 7ኛ ጨዋታ ሃሪስ የሠራው ዘዴ ሰፋ ተደርጎ ቢነገር ይገባዋል። ጃይንትስ ቢል ቴሪ የሚባል፣ በተከታታይ ጨዋታዎቹ የዋሽንግተንን ፒቸሮች ያስጨነቀ ግራኝ መቺ ነበራቸው። ግራኝ መቺ በቀኝ እጁ የሚወረውርን ፒቸር ይወዳል፣ ግራኝ ፒቸር ግን ይከብደዋል። ማግሮውም ቴሪን የሚያሰልፈው ፒቸሩ ቀኝ ሲሆን ነው። ሃሪስ ቀኙን ከርሊ ኦግደንን አስጀመረ፤ ማግሮው አይቶ ቴሪን አሰለፈ። ኦግደን ሁለት ሰው ብቻ ገጥሞ ወጣና ከዕይታ ውጪ ሲያሟሙቅ የነበረው ግራኙ ጆርጅ ሞግሪጅ ገባ። ማግሮው እስከ 6ኛው ኢኒንግ ታግሶ ቴሪን በሌላ መቺ ቀየረ። በቤዝቦል ሕግ አንዴ የወጣ ተጫዋች አይመለስም፤ ሃሪስም ወዲያው ቀኙን ፈርፖ ማርበሪን አስገባ። ዛሬ ለአንድ ኢኒንግ ብቻ የሚሰለፍ ጀማሪ ፒቸር የሚጠቀሙ ቡድኖች እንደ አዲስ ግኝት ሲያወሩት፣ ዋሽንግተን ይህን ቀድማ በ7ኛ ጨዋታ ላይ እንደሠራችው መዘንጋት የለበትም።

ዘዴው ቴሪን አስወጣ እንጂ ጨዋታውን አልጨረሰም፤ በዚያው 6ኛ ኢኒንግ በዋሽንግተን የመከላከል ስህተት ታግዘው ጃይንትስ 3 ለ 1 መሩ። በ8ኛው ሃሪስ የመታው ኳስ መሬት ነክቶ ከሊንድስትሮም አናት በላይ ነጠረና 3 እኩል ሆነ። በ9ኛው ጆንሰን ተጠራ፤ 5ኛውን ጨዋታ ከተሸነፈ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። አንድ ሰው እንደወጣ ፍራንኪ ፍሪሽ መትቶ ሦስተኛ ቤዝ ደረሰ። ጆንሰን ቀጣዩን መቺ ሆን ብሎ በዎክ አሳለፈ፣ ጆርጅ ኬሊን በስትራይክ አስወጣ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም በመሬት ኳስ ወጣ። በዚህ ሁኔታ 4 ኢኒንግ ምንም ሳይቆጠርበት ወረወረ።

በ12ኛው ኢኒንግ መዲ ሩል ወደ ላይ ያነሳትን ቀላል ኳስ የጃይንትስ ካቸር፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀልበው ሃንክ ጋውዲ፣ ለመቅለብ ሲሮጥ የገዛ ጭምብሉን ረግጦ አመለጠችው። ሩል በተሰጠው ዕድል መትቶ ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ። ኧርል ማክኒሊ የመታው ኳስ ደግሞ እንደ ቀድሞው ከሊንድስትሮም አናት በላይ ነጠረና ሩል ሮጦ ገባ፤ 4 ለ 3። ኳሱ ጠጠር መትቶ ነጠረ የሚለውን አብዛኛው ጸሐፊ ይቀበለዋል። ሁለቴ በአንድ ሰው አናት ላይ መንጠሩ ግን የዕድል ጉዳይ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር ማንሳት አያስፈልግም።

ከ1925 እስከ 2018

በ1925 ዋሽንግተን ፒትስበርግን 3 ለ 1 ከመራች በኋላ ተሸነፈች። ጆንሰን ሁለት ጨዋታ አሸንፎ 7ኛውን በዝናብና በጭቃ ውስጥ 9 ለ 7 ተሸነፈ፤ ሃሪስ 15 ሂት (መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት) እስኪመታበት ድረስ አላወጣውም። በ1933 ጃይንትስ 4 ለ 1 አሸነፉ። የዚያ ዓመት 3ኛ ጨዋታ፣ ኧርል ዋይትሂል 4 ለ 0 ያሸነፈበት፣ ዋሽንግተን በሜዳዋ ያሸነፈችው የመጨረሻው የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ እንደሆነ አለ። የጥቁሮች ሊግ ቡድን የነበረው ሆምስቴድ ግሬይስ ብዙ ጨዋታዎቹን በግሪፊዝ ስታዲየም እያደረገ በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የራሱን ሊግ ወርልድ ሲሪስ አሸንፏል፤ መነሻው ፔንሲልቬኒያ ስለሆነ ዋንጫዎቹ የዋሽንግተን ይባሉ አይባሉ የሚለው እንደየጸሐፊው ነው። የጆንሰን ክለብ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኔሶታ ሄደ፣ ተተኪውም ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ። ከተማዋ እስከ 2005 ድረስ ቡድን አልነበራትም።

2019

የዋሽንግተኑ ቡድን ናሽናልስ ግንቦት 23 ላይ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር። ዓመቱን 93 ለ 69 ጨረሱ። ድክመታቸው ቡልፐኑ፣ ማለትም በመሐል የሚገቡት ፒቸሮች ነበሩ። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ መፍትሔ ያደረገው ጨዋታ የሚጀምሩትን ፒቸሮች ስቲቨን ስትራስበርግን፣ ማክስ ሸርዘርንና ፓትሪክ ኮርቢንን በእረፍት ቀናቸው ጭምር በመሐል ማስገባትን ነው። ስትራስበርግ በዚያ ጥቅምት 5 ለ 0 ሆኖ ጨረሰ፤ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የዋንጫ ውድድር በአንድ ዓመት 5 አሸንፎ ያልተሸነፈ የመጀመሪያው ፒቸር ነው። ከ5ቱ አንዱ ሚልዋኪን ያሸነፉበትና እሱ በመሐል ገብቶ 3 ኢኒንግ የወረወረበት ጨዋታ ነው። በ36 ኢኒንግ ከሲሶ 47 ሰው በስትራይክ ሲያስወጣ ዎክ የሰጠው 4 ብቻ ነው።

ከሂውስተን አስትሮስ ጋር በተደረገው ግጥሚያ 7ቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በወርልድ ሲሪስ አልታየም። ዋሽንግተን ሂውስተን ላይ ሁለት አሸንፋ መጣች፣ በሜዳዋ ሦስቱንም ተሸነፈች፤ በሦስቱ ጨዋታ በድምሩ ያስቆጠረችው 3 ነጥብ ነው። 5ኛውን ጨዋታ መጀመር የነበረበት ሸርዘር በዚያ ጠዋት አንገቱ ተይዞ ክንዱን ማንሳት ስላልቻለ ኮርቲዞን ተወግቶ ቀረ።

6ኛው ጨዋታ የፒቸር ሙያ ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ላይ እንደሚቆም ያሳያል። ስትራስበርግ በመጀመሪያው ኢኒንግ 2 ነጥብ ተቆጠረበት፤ መቺዎቹ የሚመጣውን ያወቁ ይመስሉ ነበር። የፒቸሮቹ አሠልጣኝ ፖል ሜንሃርት አወራወሩ ኳሱን አስቀድሞ እየገለጠ መሆኑን ነገረው። ይህ ብልሽት የተለመደ ነው። ፒቸሩ አያያዙን የሚቀይረው በጓንቱ ውስጥ ሲሆን፣ ቼንጅአፕ ለመያዝ ጣቶቹን ሲዘረጋ ጓንቱ በትንሹ ሊሰፋ፣ ለከርቭ ሲያዘጋጅ የእጁ አንጓ ሊዞር ይችላል፤ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ወይም ራሱ መቺው ያያል። ስትራስበርግ ከመወርወሩ በፊት ጓንቱን ያለማቋረጥ ያነቃንቅ ጀመር፤ ሁሌ የሚነቃነቅ ጓንት ምንም አይናገርም። ከዚያ በኋላ አልተቆጠረበትም። በ104 ኳስ 8 ኢኒንግ ከሲሶ ወርውሮ 7 ለ 2 አሸነፉ። ካቸር የትኛው ኳስ ይወርወር የሚለውን ለፒቸሩ በጣት ምልክት ስለሚነግረው፣ የዋሽንግተን ካቸሮች ለየፒቸሩ የተለያየ የምልክት ስብስብም አዘጋጅተው ነበር። አስትሮስ በ2017 ምልክት በካሜራ ይሰርቁ እንደነበር በኋላ በምርመራ ተረጋግጧል፤ ለ2019 ግን ያው ምርመራ ጥፋት አላገኘም። ጥንቃቄው ግን ትክክል ነበር።

ጥቅምት 30 ሸርዘር 7ኛውን ጨዋታ ጀመረ። 103 ኳስ በ5 ኢኒንግ ወረወረ፤ 7 ሂትና 4 ዎክ ሰጥቶ የተቆጠረበት 2 ብቻ ነው። ከሂውስተን በኩል ዛክ ግሪንኪ ግሩም ሆኖ እየወረወረ በ7ኛው ኢኒንግ አንቶኒ ሬንዶን ሆምራን መታበት፣ ሁዋን ሶቶም በዎክ ሄደ። አሰልጣኙ ኤ.ጄ. ሂንች ግሪንኪን በ80 ኳስ አውጥቶ ዊል ሃሪስን አስገባ። ሃሪስ የወረወረው ዝቅ ብሎ ወደ ውጪ የሸሸ መልካም ኳስ ነበር፤ ሃዊ ኬንድሪክ ግን አግኝቶ የሜዳውን ወሰን የሚያሳየውን የቀኙን ምሰሶ፣ ፋውል ፖሉን፣ አስመታውና ሆምራን ሆኖ 3 ለ 2 ሆነ። ኮርቢን 3 ኢኒንግ ንጹሕ ወርውሮ ዳንኤል ሃድሰን ዘጋው፤ 6 ለ 2። የግጥሚያው ምርጥ ተጫዋች ስትራስበርግ ተባለ። ከዚያ የ7 ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በትከሻና በአንገት መካከል ያሉ ነርቮችን በሚጫን ሕመም ምክንያት ግን ከዚያ በኋላ መጀመር የቻለው 8 ጨዋታ ብቻ ነው።

ያላለቀው ክርክር

ስለ 2019 ዋናው ጥያቄ ሂንች ግሪንኪን ማውጣት ነበረበት ወይ፣ ካወጣስ ለምን በቡልፐን ያለውን ጌሪት ኮልን አላስገባም የሚል ነው። ኮል ከሦስት ቀን በፊት 5ኛውን ጨዋታ ወርውሯል። ለሂንች የሚከራከሩ ግሪንኪ መቺዎቹን ለሦስተኛ ጊዜ እየገጠመ እንደነበር ያነሳሉ። በ2020 ቴምፓ ቤይ ብሌክ ስኔልን 9 ሰው በስትራይክ አስወጥቶ ሳለ በ73 ኳስ ሲያወጣውና ወዲያው መሪነቱን ሲያጣ ይኸው ክርክር እንደገና ተነሳ።

ከዚህ የሚሰፋው ክርክር የምንጊዜም ታላቁ ማን ነው የሚለው ነው። ክሪስቲ ማቲውሰን በ1905 በ6 ቀን ውስጥ ሦስት ጨዋታ ምንም ሳይቆጠርበት ጨረሰ። ዶን ላርሰን በ1956 የመጡትን 27 ሰዎች በ97 ኳስ ሁሉንም አስወጣ፤ በዚያው ግጥሚያ 2ኛ ጨዋታ ላይ ግን ሁለተኛውን ኢኒንግ እንኳ አልጨረሰም። ቦብ ጊብሰን በ1968 በአንድ ጨዋታ 17 ሰው በስትራይክ አስወጣ። ጃክ ሞሪስ በ1991 7ኛውን ጨዋታ 10 ኢኒንግ ወርውሮ 1 ለ 0 ያሸነፈው ለሚኔሶታ ማለትም ለቀድሞው የዋሽንግተን ክለብ ነው። ማዲሰን ባምጋርነር በ2014 በ21 ኢኒንግ የተቆጠረበት 1 ነው፤ በሁለት ቀን እረፍት 7ኛውን ጨዋታ ለ5 ኢኒንግ ዘጋ፤ መዝጋቢው መጀመሪያ ድሉን ለእሱ ጽፎ በኋላ ለጄረሚ አፌልት አዞረው፣ ይህም አሁንም ያናግራል።

ለጆንሰን የሚቀርበው ተወዳዳሪ የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ዮሺኖቡ ያማሞቶ ነው። በ2025 ቶሮንቶ ላይ 2ኛውን ጨዋታ በ105 ኳስ ብቻውን ጨረሰ፣ 6ኛውን በ96 ኳስ አሸነፈ፣ በማግሥቱ ደግሞ በ7ኛው ጨዋታ 34 ኳስ ጨምሮ በ11 ኢኒንግ 5 ለ 4 አስጨረሰ። ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበር፤ ጆንሰን 36 ነበር። ጆንሰን ያረፈው አንድ ቀን ነው፣ ያማሞቶ ምንም አላረፈም። በኢኒንግ ከሆነ ጆንሰን 24፣ ያማሞቶ 17 ከሁለት ሦስተኛ። በኳስ ብዛት ማወዳደር ግን አይቻልም፤ በ1924 የውርወራ ብዛት በይፋ አይመዘገብም ነበር።